«ደበረኝ፣ ምን ልሥራ?» ላላችሁ ኮድ ጀማሪዎች

ክረምቱ ገብቶ ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገባሉ፤ ጊዜ አለኝ፣ ትንሽ ኮድ እችላለሁ፣ ምን ልሥራበት? ከወሎ ከተሞች ከደረሱኝ አምስቱን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ኮምቦልቻ ቤተሰብ ጋ ቁጭ ብያለሁ። ሥራ እስካገኝ እጄ እንዳይፈታ ብዬ ካልኩሌተር ጀመርኩ፣ ተውኩት። የሥራ ዝርዝር መያዣ ጀመርኩ፣ እሱንም ተውኩት። ልጨርሰው የምችለው ነገር ንገረኝ።

መልስ፦ ሰንፈህ አይመስለኝም። ካልኩሌተር ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፤ የአንተን ብትጨርሰው የሚጠቀምበት፣ ብትሳሳት የሚያርምህ ሰው የለም። አጠገብህ ያለ ሰው «ልክ ነው» ወይም «ተሳስተሃል» ሊልህ የሚችልበትን ነገር ሥራ። እኔ የምመርጥልህ ባሕረ ሐሳብን ነው፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫውን።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ስትደምር ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመት ታገኛለህ። እሱን ለ19 አካፍለህ ከቀሪው አንድ ስትቀንስ ወንበር ይወጣል። ወንበርን በ19 አባዝተህ በ30 ስትገድፈው፣ ማለትም 30 30ውን ስትጥል፣ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት፣ በዚያው ቁጥር ቀን ይውላል።

2017ን እንያዝ። 7517 ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ ወንበር 11። 11 በ19 ሲባዛ 209፣ በ30 ሲገደፍ 29። በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ዋለ፣ ዕለቱም ረቡዕ ነበር። እያንዳንዱ ዕለት ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመር ቁጥር አለው፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 29 ላይ 4 ሲጨመር 33፤ 30ው ሲጣል 3። መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ጾመ ነነዌ በጥር ይገባል፣ በጥቅምት ሲውል በየካቲት። የመስከረሙ ድምር ከ30 ካለፈ ግን ጥርን አልፎ ወደ የካቲት ይሻገራል። ስለዚህ ነነዌ የካቲት 3 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥር ትንሣኤ ሚያዝያ 12። በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ካወጣልህ መንገድ ይዘሃል።

መንገድ ይዘሃል እንጂ ጨርሰሃል አላልኩም። እኔ መጀመሪያ ስሠራው የሞከርኳቸው ዓመታት ሁሉ ልክ መጡልኝ፤ ደስ ብሎኝ ለአንድ መሪጌታ አሳየሁ። እሳቸው ስልኩን እንኳ ሳይነኩ በጣታቸው አንጓ ትንሽ ቆጠሩና «እስቲ 2006ን አውጣው» አሉኝ። ተበላሸ። የዚያ ዓመት ወንበር ዜሮ ነው። ወንበር ዜሮ ሲሆን መጥቅዕ 30 ይባላል፤ የእኔ ኮድ ግን ዜሮ ብሎ ያዘው፣ ዜሮ ከ14 ያንሳል ብሎም በዓሉን ወደ ጥቅምት ወሰደው። ያቺን አንዲት መስመር ለማረም ሙሉ ማታ ፈጅቶብኛል፤ ካነበብኳቸው ትምህርቶች ሁሉ ይበልጥ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አንተም ውጤቱን ይዘህ ሰፈራችሁ ወዳሉት መሪጌታ ሂድ።

ደግሞ ወሎ ነህ፤ ፋሲካን ብቻ የሚያወጣ የቀን መቁጠሪያ ግማሽ ጎረቤትህን ይረሳል። ቀጥለህ የሂጅራን አቆጣጠር ጨምርበት። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ቀድሞ ይመጣል። የመግቢያው ቀን የሚቆረጠው ጨረቃ በመታየቷ ነውና ፕሮግራምህ ከቀኑ ጎን «በግምት» ብሎ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ሐይቅ ነው። ላፕቶፕ የለኝም፣ ስልክ ብቻ ነው ያለኝ። ዳታም ሁልጊዜ አልሞላም። ፕሮግራሚንግ ያለ ኮምፒውተር ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል የኔ እህት። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ፓይድሮይድ የሚባለውን አፕ አንድ ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርጂው፤ ከዚያ በኋላ ፓይተን የሚባለው የኮድ ቋንቋ ያለ ኔት ይሠራልሻል። ጣትሽ መጀመሪያ ይደክማል፣ ትለምጂዋለሽ።

የመጀመሪያ ሥራሽ በፊደል ይሁን። ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥቶታል፦ ሀ 4608 ነው፣ ለ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632። ልዩነቱን አየሽው? ስምንት ስምንት ነው። ስለዚህ ከአንድ ፊደል ቁጥር ላይ 4608 ቀንሰሽ ለ8 ስታካፍይ ድርሻው ስንተኛው ቤተሰብ እንደሆነ፣ ቀሪው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ ወይስ ሳልስ እንደሆነ ይነግርሻል። «ሎ»ን ሞክሪ፤ 6 ይተርፋል፣ ከዜሮ ስንጀምር 6 ሳብዕ ነው። ቁጥሩን የሚሰጥሽ ትእዛዝ «ኦርድ» (ord) ይባላል። እንደ ቈ ያሉት ዲቃላ ፊደላት የራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ለጊዜው ተያቸው።

በዚህ ቤት መምቻ ፈላጊ ትሠሪያለሽ። ቃል ስትሰጪው በዚያው ፊደል የሚያልቁ ቃላትን ይደረድርልሻል። ሀና ሐን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን መጀመሪያ አንድ አድርጊያቸው፤ ለጆሮ አንድ ናቸውና ግጥም አይለያቸውም። ቃላቱን ከእናትሽና ከአያትሽ እንጉርጉሮ ልቀሚ። አንድ ሌላ የምወደው ነገር፦ ፓይተን ውስጥ የተለዋዋጭ ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። «ዕድሜ = 17» ብለሽ ጻፊ፣ ይቀበልሻል።

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ስልክ ላይ ተጥዶ ይውላል። ኮድ ላስተምረው ብል ከየት ልጀምር? ከደሴ፣ እናት ነኝ።

መልስ፦ ስክራች የሚባለውን የኮድ መማሪያ ያውርዱለት፤ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለልጆች ያወጣው ነው፣ በነፃ። መጻፍ አይጠይቅም፣ ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ነው። በኮምፒውተር ወይም በታብሌት ቢሆን ይመረጣል፣ አንዴ ከተጫነ ኔት አይፈልግም። መጀመሪያ ግን ገበጣውን ከአያቱ ጋር ይጫወት፤ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። ሕጉ ከሰፈር ሰፈር ስለሚለያይ የአያቱን ሕግ በደብተር ጽፎ ይምጣ። ከዚያ ያንን ወደ ስክራች ያምጣው፤ ከባድ ነው፣ ግን ክረምቱን ሙሉ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ክራር ይጫወታል፣ እኔ ጃቫስክሪፕት ጀምሬያለሁ። ሁለታችንን የሚያገናኝ ሥራ አለ? ከወልዲያ።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አራቱን ቅኝት በብሮውዘር አጫውት። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፤ ሁለቱ የአገራችንን ቦታ ስም የያዙ ናቸው።

ኦክታቭ፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለው ርቀት፣ በ12 እኩል ደረጃ ይከፈላል። ከመነሻው ድምፅ ስንት ደረጃ እንደሚርቁ ብትጽፍ ትዝታ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ነው፤ ባቲ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11፤ አምባሰል 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፤ አንቺሆዬ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9። ትዝታና ባቲ ሌላ መልክም አላቸው፣ እሱን በኋላ ትጨምራለህ። አንድ ደረጃ በወጣህ ቁጥር ድምፁን በሁለት 12ኛ ሥር፣ ማለትም በ1.0595 ታባዛዋለህ። ከ220 ኸርዝ (በሰከንድ 220 ርግብግቢት) ብትነሣ አምባሰል 220፣ 233፣ 294፣ 330፣ 349 ይሆናል፤ ትዝታ 220፣ 247፣ 277፣ 330፣ 370። ብሮውዘሩ ኦሲሌተር የሚባል ድምፅ ማመንጫ አብሮት አለ፤ ቁጥሩን ስጠው፣ ያሰማሃል።

ከዚያ ወንድምህን ጥራው። «ይሄማ አምባሰል አይደለም» ማለቱ አይቀርም፤ ክራር በጆሮ ነው የሚቃኘው፣ ቁጥሩ ከጆሮው ጋር ባይገጥም አትከራከረው። ለእያንዳንዱ ክር ማንሸራተቻ ሥራለትና ራሱ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያስተካክለው። ተስማምቶት ያቆመበትን ቁጥር መዝግብ። የእሱ ቅኝት ከቀመሩ በስንት ኸርዝ እንደሚለይ የምታየው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ከሚሴ ነው ያለሁት፣ አባቴ ሱቅ አለው። እኔ ኮድ ስጽፍ ባየ ቁጥር «ሥራ ፈት» ይለኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽር። የዱቤ ደብተሩን ፕሮግራም አድርግለት፦ ስም፣ ዕቃ፣ ብር፣ የተከፈለበት ቀን። ሂሳቡን በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ያዝ። ነጥብ ያለው ቁጥር ከተጠቀምክ ኮምፒውተሩ 0.1 እና 0.2ን ደምሮ 0.30000000000000004 ይልሃል፤ አባትህ ያንን አንድ ጊዜ ካየ ዳግመኛ አያምንህም። መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋብህ በእያንዳንዱ ምዝገባ ፋይሉን አስቀምጥ። የወረቀቱን ደብተር አታስጥለው። አንድ ወር ጎን ለጎን ሂዱ፣ ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ አብራችሁ አስተያዩ፤ የማይገጥም ስም ሲገኝ ከማን በኩል እንደሆነ አብራችሁ ፈልጉ።