ሁለት ሰው የሳለው ቤት

ከኮምቦልቻ የተጻፈልኝ ደብዳቤ ረጅም ነው፤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ዶክተር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዕድሜዬ 36 ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እናቴና ወንድሜ ደሴ ናቸው። ሽማግሌ ልኮ ከቤተሰቤ ከጠየቀኝ ሰው ጋር፣ ሰርጉን ለነገ ለከነገ ስንል፣ አምስት ዓመት አብረን ኖርን። በጥቅምት 2014 ከደሴ ስንሸሽ እጄን ይዞ ያወጣኝ እርሱ ነው። በኋላ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ስልኩ እየሳሳ መጣ፤ አንድ ማታ ደውሎ ‹ከእንግዲህ አልመለስም› አለኝ። ይኸው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ከእቁብና ከደመወዜ ያጠራቀምኩት፣ እህቴ ከዱባይ የላከችልኝ ተጨምሮ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር አለኝ። ደመወዜ ተቆራርጦ 19 ሺህ ብር ይደርሰኛል፤ የቤት ኪራይ 5 ሺህ እከፍላለሁ። በስምንት ወር ውስጥ 14 ቤት አየሁ። አንዱ መኪና ማቆሚያ የለውም፣ አንዱ ለእንግዳ የሚሆን ክፍል የለውም፣ ደሴ ያየሁት ደግሞ ከበረንዳው የጦሳ ተራራ አይታይም። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም በ1 ሚሊዮን 650 ሺህ ብር አግኝቻለሁ። ጉድለቱን ባንክ በ18 በመቶ ወለድ በ15 ዓመት ቢያበድረኝ በወር ወደ 8 ሺህ 900 ብር ይመጣል። ስቱዲዮም አይቻለሁ፣ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ነው፤ ግን ስገባበት ልቤ ተጨንቆ እያለቀስኩ ወጣሁ። እናቴ ‹ቤት ከገዛሽ ማን ደፍሮ ያገባሻል?› ትለኛለች። ወንድሜ ‹ሴት ብቻዋን ትታለላለች፣ ካርታው በእኔ ስም ይሁን› ይላል። ልግዛ ወይስ ልተው?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ቆም ያልኩት በዋጋው ሳይሆን ባለፍሻቸው ቤቶች ላይ ነው። መኪና የለሽም፤ እዚያው ደብዳቤሽ ላይ መኪና የሚነዳው እርሱ እንደነበር ጽፈሻል። የእንግዳ ክፍሉ ለእናቱ ታስቦ ነበር። ጦሳን የሚያሳየው በረንዳም ሁለታችሁ ደብተር ላይ ከሳላችሁት ቤት የመጣ ነው። ስምንት ወር ሙሉ የዞርሽው ያንን ቤት ፍለጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ቤት ደግሞ ኮምቦልቻም ደሴም የሚሸጥልሽ የለም፤ በሁለት ሰው ገቢና በሁለት ሰው ምኞት የታሰበ ነውና።

ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ እድርተኛው ወንበር ተሸክሞ ይመጣል። ባልና ሚስት ሲፋቱም ቢያንስ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በቃ የሚል ሰው ይኖራል። ያንቺ ነገር ግን በአንድ የስልክ ጥሪ አለቀ። ማግስቱን ሥራ ገባሽ፣ ሒሳብሽን ዘጋሽ፤ «እግዜር ያጽናሽ» ያለሽ ሰው አልነበረም። አሜሪካዊው ምሁር ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ስለዚህ ዓይነቱ ሐዘን ጽፏል፤ ማኅበረሰቡ ዕውቅና ያልሰጠው፣ በእኛ አነጋገር ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሐዘን ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሐዘን መውጫ ሲያጣ በሌላ በር ይወጣል። በአንቺ በኩል የወጣው በቤት ፍለጋው ይመስለኛል። ስቱዲዮው ውስጥ ያስለቀሰሽም የክፍሉ ጥበት ብቻ አይደለም፤ አንድ አልጋ ብቻ የሚያስገባ ክፍል አንድ ሰው መሆንሽን ፊት ለፊት ነገረሽ።

ስለዚህ ከቤቱ በፊት ደብተሩ ይቅደም። አውጪው። የምታምኛትን አንዲት ጓደኛ ጥሪና ቡና አፍልታችሁ ስለዚያ ቤት ከበሩ እስከ ማድቤቱ አውሪላት፤ ማን የት ሊቀመጥ እንደነበር፣ ምን ልትተክሉ እንደነበር። ማልቀስ ከመጣ ይምጣ፤ ከአቦል እስከ በረካ በቂ ጊዜ አለ። ደብተሩን ከዚያ በኋላ ብታቃጥዪው ወይም ሣጥን ሥር ብታኖሪው የአንቺ ምርጫ ነው። እኔ የምፈልገው ስለዚያ ቤት አንድ ሰው አብሮሽ እንዲያዝን ነው።

ስለ ጥቅምት 2014 የጻፍሽውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። በፍርሃት ሰዓት እጅ የያዘንን ሰው ልባችን እንደ ማንኛውም ሰው አይመዘግበውም። ያ ሰው ሲሄድ ደኅንነታችንም አብሮ የሄደ ይመስለናል። በዚያ ጊዜ ቤቱን ጥሎ የወጣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ የራስን በር የራስን ቁልፍ መናፈቁ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ናፍቆትሽ ጤነኛ ነው። ነገር ግን እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ፣ የዚያ ሰሞን ድምፅና መንገድ በሕልምሽ የሚመላለስ ከሆነ፣ ቤት መግዛት አያድነውም። ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከኮምቦልቻ ሽቅብ የአንድ ጠዋት መንገድ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ልግዛ ወይ ብለሻል። ግዢ እላለሁ፤ ባለ አንድ መኝታውን ግን አይደለም።

ምክንያቴን በአንቺው ሙያ ልንገርሽ። 8 ሺህ 900 ብር ከደመወዝሽ ግማሽ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በ15 ዓመት ሲደመር 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ብር ያልፋል፤ የተበደርሽው ግን 550 ሺህ ነው። ቁጥሩን ከእኔ በተሻለ ታነቢዋለሽ። እኔን ያሳሰበኝ የሌሊቱ ነገር ነው። ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሂ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1967 የሕይወት ለውጦችን በሚያስከትሉት ጫና መጠን በነጥብ አስቀምጠው ነበር። ከትዳር ጓደኛ ተለይቶ መኖር 65፣ ትልቅ የቤት ዕዳ 31፣ ቤት መቀየር 20 ነጥብ ተሰጣቸው። መለኪያው ለኮምቦልቻ ተብሎ አልተሠራም፤ ነጥቦቹንም እንደ ሐኪም ማዘዣ አትያዣቸው። የሚያስታውሰን ግን አንድ ነገር አለ፤ ሸክም ይደመራል። አንቺ የመጀመሪያውን ገና ከትከሻሽ አላወረድሽም። ወር በገባ ቁጥር የሚያስደነግጥ ዕዳ ሲጨመርበት፣ መጠጊያ ብለሽ የገዛሽው ቤት ራሱ የጭንቀትሽ ምንጭ ይሆናል።

ስቱዲዮውን ብትይዢ ካለሽ ላይ 100 ሺህ ብር ለክፉ ቀን አስቀምጠሽ 1 ሚሊዮን ትከፍያለሽ። ቀሪውን 250 ሺህ ባንኩ በነገረሽ ወለድ በአሥር ዓመት ብትወስጂው በወር 4 ሺህ 500 ብር ገደማ ነው፤ ዛሬ ከምትከፍዪው ኪራይ ያንሳል። የስም ማዛወሪያውን ወጪ አትርሺ፤ እርሱን ከእህትሽ ብትበደሪ ነውር የለውም። የመጠባበቂያዋ ገንዘብ ግን አትነካ። ብቻውን የሚኖር ሰው ቢታመም ወይም ሥራ ቢያጣ ሌላ ደመወዝ ወደ ቤቱ አይገባም።

«ስገባበት ልቤ ተጨንቋል እኮ» ትዪኛለሽ። ተመልሰሽ ሂጂ። በመጀመሪያው ቀን ከደላላው ጋር፣ በጥድፊያ፣ ከሥራ ደክመሽ ገብተሻል። አሁን በእሑድ ረፋድ ያችኑ ጓደኛሽን ይዘሽ ግቢና ግማሽ ሰዓት ተቀመጪ። መስኮቱን ክፈቺ፤ የኮምቦልቻን ሙቀት ታውቂዋለሽና ነፋስ ከየት እንደሚገባ እዪ። ጭንቀቱ መጥቶ ቀስ እያለ ከበረደ፣ ያ ሐዘን ነበር፤ ከክፍሉ ጋር ትላመጃለሽ። በሦስተኛው ቀንም ትንፋሽሽን የሚያሳጥርብሽ ከሆነ ግን ልብሽን አምኚውና ሌላ ፈልጊ። ስትወጪም ጎረቤት አንኳኪ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? እድር አለ? የነዋሪዎች ማኅበሩ ምን ይመስላል? እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ከአንድ ተጨማሪ ክፍል ይልቅ ለቡና የምትጠራ ጎረቤትን እመርጥላታለሁ። ድንገት ሐሳብሽ ተቀይሮ ደሴ ላይ ተዳፋት ሥር ያለ ቤት ካሰብሽ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ሳታዪው ገንዘብ አታውጪ፤ መሬት መንሸራተትን የደሴ ሰው በደንብ ያውቀዋል።

ደላላው «ዛሬ ቀብድ ካላስያዝሽ ይሄዳል» ማለቱ አይቀርም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ የሚያስቸኩልሽ ሰው ያንቺን ገንዘብ በአደጋ ላይ እያስቀመጠ ነው። አንድ ሌሊት ሳታድሪበት ብር አትቁጠሪ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ትቶሽ ከሄደው ሰው ጋር የቀረውን ጨርሺ። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ስለኖሩ ሰዎችም ይናገራል፤ አብረው በኖሩበት ዘመን የተጠራቀመ ንብረትም ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ከቁጠባሽ የተወሰነው በእነዚያ አምስት ዓመታት የመጣ ነው። ወደ ጠበቃ ሂጂና አስረጂ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ በሽማግሌ ፊት «አንዳችን ከሌላችን የምንፈልገው የለም» የሚል ጽሑፍ ይፈረም። ወረቀቱ ለንብረትሽ ነው፤ ያ በስልክ የተቋረጠው ነገርም መቋጫውን በዚያው ያገኛል።

ወንድምሽን በተመለከተ አቋሜ አያወላውልም፤ ካርታው በአንቺ ስም ይሁን። ክፉ አሳቢ ነው እያልኩ አይደለም። ትታለያለሽ ብሎ መፍራቱ ከፍቅር ነው። ግን ነገ የእርሱ ትዳር፣ የእርሱ ዕዳ፣ የእርሱ ወራሾች አሉ፤ ያኔ ቤቱ የማን እንደነበር የምታስረጂው አንቺ ትሆኛለሽ። ፍርሃቱን ወደ ሥራ ቀይሪለት። «ወንድም ጋሼ፣ ስሙ በእኔ ይሆናል፤ አንተ ግን ማዘጋጃ ቤት አብረኸኝ ሂድና ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን አጣራልኝ፤ ውሉ ሲፈረምም ምስክሬ ሁን» በዪው። ጥበቃውን ሳትገፊ ቦታውን ታሳዪዋለሽ።

የቀሩት እናትሽ ናቸው። «ማን ያገባሻል» ሲሉሽ የምትሰሚው ፍርድ ነው፤ እኔ የምሰማው «እኔ ካለፍኩ ማን አለሽ?» የሚል ጥያቄ ነው። በክርክር አትመልሺላቸው። የቤት ባለቤት መሆንሽን ፈርቶ የሚርቅ ሰው ካለ በጊዜ መራቁ በጀሽ ብዬ አስባለሁ፤ ለእናት ግን ይህ መልስ አይሆንም። በአንዱ ቅዳሜ ደሴ ውጪና ይዘሻቸው ውረጂ። ዶሮ መዝለያን አልፋችሁ፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ፣ ያቺን ባዶ ክፍል ክፈቺላቸው። ስለ ዋጋውም ስለ ባልም አታንሺ። «እማ፣ ረከቦቱን የት ላድርገው?» ብለሽ ጠይቂያቸውና ክፍሉን ዞረው እስኪያዩት ጠብቂ።