የአሜሪካ ሊግ «መጦሪያ» ነው? ስለ ኤም ኤል ኤስ ጥያቄና መልስ

ስለ ሜጀር ሊግ ሶከር (ኤም ኤል ኤስ) ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን እንነጋገር። አውሮፓ ያበቃላቸው ተጫዋቾች መጦሪያ አይደለም? ሜሲ ባይሄድ ማን ያየው ነበር?

መልስ፦ ሜሲ የመጣው በ2023 ነው። አትላንታ ዩናይትድ ግን በ2018 በየጨዋታው በአማካይ ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች ያስገባ ነበር። የዚያን ዓመት የቡድኑ ሞተር ሚጌል አልሚሮን የ24 ዓመት ልጅ ነበር፤ በጥር 2019 ኒውካስል ወሰደው። አልፎንሶ ዴቪስም በዚያው ወር የዚሁ ሊግ አባል ከሆነው የካናዳው ቫንኩቨር ወደ ባየርን ሲሄድ 18 ዓመቱ ነበር። ቲያጎ አልማዳ የ2022ን የዓለም ዋንጫ ከአርጀንቲና ጋር ያነሳው የአትላንታ ተጫዋች ሆኖ ነው። በዕድሜ የገፉ ኮከቦች መኖራቸው እውነት ነው፤ ሊጉን የሚያቆሙት ግን ወጣቶቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ታዲያ ለምንድን ነው ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ጨዋታው የሚበታተነው? ፊት መስመሩ ጥሩ ሆኖ የኋላው ያሳፍራል።

መልስ፦ ጥሩ አይተሃል። ምክንያቱ የደሞዝ ጣሪያው ነው፣ ማለትም ክለቡ ለደሞዝ እንዲያወጣ የተፈቀደለት ገደብ፤ በ2025ቱ ሕግ እናስላው። ለ20 ተጫዋቾች የተመደበው የደሞዝ በጀት 5.95 ሚሊዮን ዶላር ነው። ክለቡ እስከ ሦስት ኮከብ በልዩ ተጫዋችነት ማስፈረም ይችላል። አንዱ ኮከብ 10 ሚሊዮን ቢከፈለውም ከበጀቱ ላይ የሚቀነሰው 743,750 ዶላር ብቻ ነው፤ ቀሪውን ባለቤቱ ከኪሱ ይሸፍናል። ሦስቱ ሲደመሩ 2,231,250 ይሆናሉ። የተረፈው 3,718,750 ለ17 ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 218,750 ዶላር ይደርሳል።

በርግጥ ማስተንፈሻ አለው። ሊጉ የምደባ ገንዘብ የሚለውን ለክለቦቹ ይሰጣል። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን የሚከፈለው ተከላካይ ካለ፣ ከ743,750 በላይ ያለው 256,250 በዚያ ገንዘብ ይሸፈንና ልዩ ተጫዋች ሳይባል ይቆያል። 22 ዓመት ሳያልፋቸው የፈረሙ የተወሰኑ ወጣቶችም የዝውውር ዋጋቸው ምንም ያህል ቢሆን በጀቱ ላይ የሚይዙት ቢበዛ 200 ሺህ ነው።

ችግሩ የምደባ ገንዘቡ ለሁሉም አይበቃም። አብዛኛው ክለብ መጀመሪያ አጥቂና አማካይ ይገዛል፣ ተከላካዩ በተረፈው ይሞላል። ከዚያ የመሐል ተከላካዩ ሲጎዳ ከተቀያሪ ወንበር የሚነሳው ዝቅተኛውን ደሞዝ የሚያገኝ ልጅ ይሆናል። በዚያ ላይ የሐምሌን ሙቀትና ርቀቱን ጨምርበት፤ ከቫንኩቨር ማያሚ 4,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጨዋታው ሲፈርስ የምታየው የወንበሩን መሳሳት ነው። የመጀመሪያዎቹን 11 ብቻ ብትመዝን ፍርድህ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ጣሪያውን ለምን አያነሱትም?

መልስ፦ ፔሌን ያጫወተው የቀድሞው የሰሜን አሜሪካ ሊግ ከአቅም በላይ ወጪ አውጥቶ ከ1984 የውድድር ዘመን በኋላ ፈርሷል። በ1996 በ10 ቡድን የተጀመረው ኤም ኤል ኤስም የታምፓንና የማያሚን ክለቦች ዘግቶ በ2002 ወደ 10 ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ የዳነው ወጪውን በመቆጣጠሩ ነው። ዛሬ ግን 30 ክለብ አለው፤ 30ኛው ሳንዲየጎ ለመግቢያ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል፣ በ2007 የገባው ቶሮንቶ የከፈለው 10 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ ጣሪያው ሥራውን ሠርቷል ባይ ነኝ። አሁን ከፍ ማለት ያለበት ከ12ኛ እስከ 20ኛ ላሉት ተጫዋቾች የሚውለው ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ ከሜክሲኮ ክለቦች ጋር ሲገናኙስ?

መልስ፦ ከ2006 እስከ 2021 የሰሜንና የመካከለኛው አሜሪካ ክለቦች ሻምፒዮና የሆነውን የኮንካካፍ ዋንጫ የወሰዱት ሜክሲኮዎች ብቻ ናቸው። በ2022 ሲያትል የሜክሲኮውን ፑማስን በድምር 5 ለ 2 አሸንፎ ሰንሰለቱን በጠሰ። ከዚያ ወዲህ ዋንጫው ወደ ሜክሲኮ ተመልሷል፤ በ2025 ፍጻሜ ቫንኩቨር በክሩዝ አዙል 5 ለ 0 ተረትቷል። የወንበሩ ነገር እዚህም አለ። ውድድሩ የካቲት ላይ ሲጀመር ደግሞ የአሜሪካ ክለቦች ገና ከዕረፍት መመለሳቸው ነው፣ ሜክሲኮዎቹ በውድድር መሐል ናቸው። በ2025ቱ የክለቦች ዓለም ዋንጫ የሜሲ ክለብ ኢንተር ማያሚ ፖርቶን 2 ለ 1 አሸንፎ በፒኤስጂ 4 ለ 0 መሸነፉም ሊጉ የት እንዳለ በደንብ ያሳያል።

ጥያቄ፦ ወራጅ የሌለው ሊግ ምን ሊግ ይባላል?

መልስ፦ 500 ሚሊዮን ከፍሎ የገባ ባለቤት መውረድን አይፈርምም። ዩኤስኤል የተባለው ሌላው የአሜሪካ የእግር ኳስ ሊግ ድርጅት ግን በ2025 ለማደግና ለመውረድ ሥርዓት ድምፅ ሰጥቷል።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ሜሪላንድ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ኳስ ይወዳል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ኤም ኤል ኤስ ኔክስት የሚባለው የታዳጊዎች ውድድር ከ13 ዓመት በታች ስለሚጀምር ጊዜው አሁን ነው። አብዛኞቹ የኤም ኤል ኤስ ክለቦች አካዳሚዎች ከቤተሰብ ክፍያ አይጠይቁም፤ በዚያው ውድድር ያሉ የግል ክለቦች ግን ያስከፍላሉ፣ ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የጉዞና የማልያ ወጪውን ጨምረው ይጠይቁ። ከፍ ሲል ኮሌጅ የመጫወት ሐሳብ ካለው፣ የሊጉ ክለቦች ሁለተኛ ቡድኖች በሚጫወቱበት ኤም ኤል ኤስ ኔክስት ፕሮ ላይ በአማተር ስምምነት፣ ማለትም ያለ ደሞዝ፣ መሰለፍ ይችላል፤ ፕሮፌሽናል ውል ከፈረመ ግን ኮሌጅ የመጫወት መብቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ደግሞ ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ልጅ በአሜሪካ ክለቦች እንደ አገር ልጅ ነው የሚቆጠረው፣ የውጭ ተጫዋች ኮታ አይነካም።

ጥያቄ፦ ሀበሻ ተጫውቶበት ያውቃል?

መልስ፦ አዎ። ድሬዳዋ የተወለደው ፉአድ ኢብራሂም በ2007 በኤፍሲ ዳላስ ተመርጦ በኋላ ለቶሮንቶ ተሰልፏል፤ በ2013ቱ የደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫም ከዋሊያዎቹ ጋር ነበር።