ማሽን ላይ እየመታህ ጨዋታ ላይ ለምትዘገየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የድሮውን ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ቤዝቦል ስትለማመድ ኳስ የሚወረውረው ማሽን ላይ እንደ ልብህ ትመታለህ። ጨዋታ ላይ ግን ፈጣኑ ኳስ ያመልጥሃል። እሱን ለመድረስ ስትቸኩል ደግሞ ቼንጅአፑ (እንደ ፈጣን ተወርውሮ ቀስ ብሎ የሚመጣው ኳስ) ያጃጅልሃል። ምን ልለማመድ ነው ያልከው። እኔም ሁለት የውድድር ዘመን በዚሁ ተሰቃይቻለሁ፤ የሠራልኝን ልንገርህ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን። እጄ የፈዘዘ መስሎኝ ከባድ ባት (መምቻ ዱላ) ሳወዛውዝ ከረምኩ። ምንም ለውጥ የለም። በኋላ አንድ ጓደኛዬ በስልክ ከጎን ቀረጸኝ። ኳሷ መንገዷን አጋምሳለች፣ የፊት እግሬ ገና አየር ላይ ነው! ታዲያ እጄ ምን ያድርግ?

ሒሳቡን እየው። ከወርዋሪው መቆሚያ እስከ ሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ሰሌዳ) 18.44 ሜትር ነው። በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር የሚበር ኳስ በ0.4 ሰከንድ ገደማ ይደርስብሃል። ባቱን ማዞር ብቻውን 0.15 ሰከንድ ያህል ይበላል። የምትተርፍህ ሩብ ሰከንድ ለማየትና ለመወሰን ናት። በእሷ ላይ እግር ማንሳትን ከጨመርክባት አለቀልህ። ስለዚህ ዝግጅትህ ኳሷ ከመለቀቋ በፊት ይጀመር። ቀደም ብለህ፣ ግን ቀስ ብለህ።

ማሽኑ የሚሸውድህም እዚህ ላይ ነው። ክንድ የለውም፣ ፍጥነቱም አይለዋወጥም። ከአምስት ኳስ በኋላ ሰውነትህ ሰዓቱን ይሸመድደዋል። ጨዋታ ላይ የምታነበው ግን የሰው እንቅስቃሴ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ልምምድ ምንም መምታት የሌለበት ነው። የቡድንህ ወርዋሪ ሲለማመድ አስፈቅደህ፣ ሄልሜት አድርገህ መምቻው ቦታ ላይ ቁም። ወርዋሪው ኳሱን ከጓንቱ ሲያወጣ ክብደትህን ወደ ኋላ ውሰድ። ኳሷ ስትለቀቅ እግርህ ወደ መሬት እየወረደ ይሁን። ከዚያ ኳሷን ከኋላህ ሆኖ እስከሚቀበላት ካቸር ጓንት ድረስ በዓይንህ ሸኛት። ፈጣን ናት ወይስ ቀርፋፋ፣ ገና በመንገድ ላይ ሳለች ጮክ ብለህ ተናገር። ሃያ ኳስ ይበቃል። ባቱን ባትይዘው ይሻላል፣ እጅ ያሳክካል።

ቀጥሎ የቅርብ ውርወራ። ወርዋሪ ወደ ፊት ተራምዶ ስለሚለቅ ኳሷ በተግባር የምትበረው 16.5 ሜትር ገደማ ነው። ጓደኛህ ከ8 ሜትር ግድም ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢወረውርልህ፣ ያለህ ጊዜ ጨዋታ ላይ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ከሚበረው ኳስ ጋር ይቀራረባል። ትከሻው ሳይጎዳ ፈጣን ወርዋሪ አገኘህ ማለት ነው። መከላከያ መረብ ከሌለ ግን እንዳትሞክሩት፤ ኳሷ የምትመለሰው ወደ ፊቱ ነው። ሲለምድህ ሳይነግርህ ያቀላቅልብህ። የክንዱ እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት ሆኖ አንዷ ትፍጠን፣ አንዷ ትዘግይ። አንተ ሁልጊዜ ለፈጣኗ ተዘጋጅ። ቀርፋፋዋ ስትመጣ እግርህ ይረፍ፣ እጅህ ግን ኋላ ይጠብቅ። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ሰከረ ሰው ትወላገዳለህ፤ እኔን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ኳስ መሬት ላይ እያነጠሩ እግር የማንሳት ልምምድም አለ። ለጀማሪ ልጆች ምት ለማስያዝ ጥሩ ነው፤ አንተ ያለፍከው ይመስለኛል። ቲ (ኳስ የሚቀመጥበት ማቆሚያ) ላይ መምታት ደግሞ ለባቱ መስመር እንጂ ለሰዓት አይረዳም። ኳሷ ቆማ ምን ሰዓት አለው?

ጨዋታ ላይ ፋውሎችህን (ከሜዳው መስመር ውጭ የሚወጡ ምቶችህን) አንብብ። ቀኝ መቺ ከሆንክ ወደ ቀኝ የሚወጣው ዘግይተሃል፣ ወደ ግራ የሚወጣው ቸኩለሃል ይልሃል። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ከሄደ ሰዓትህ ደህና ነው፣ ትንሽ ከሥር ነው የመታሃት። ተራህን ስትጠብቅም ዝም ብለህ አትቁም። በእያንዳንዱ ውርወራ ከወርዋሪው ጋር እግርህን አንሳ፣ አሳርፍ።

በወር አንዴ በስሎው ሞሽን ተቀረጽና ሌላ ነገር ሳታይ የፊት እግርህን ብቻ ተመልከት። ከርቭቦሉን (በመንገዱ ላይ የሚታጠፈውን ኳስ) ለጊዜው ተወው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው።