ለኮምቦልቻው ወንድማችን፦ ከመግዛትህ በፊት ጎንበስ ብለህ እይ

ሰላም ወንድሜ። «ለቤተሰቤ የትኛውን መኪና ልግዛ?» ያልከውን ጥያቄህን ሦስቴ አነበብኩት። አራት ልጅ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት፣ በየሳምንቱ ከኮምቦልቻ ደሴ ምልልስ፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ገጠር። ባለቤትህ ፕራዶ ትላለች። አማችህ «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ይላል። አንተ ደግሞ አንድ ያገለገለ የጀርመን መኪና አይተህ ልብህ ሸፍቷል። አብሽር፣ የኔም ሸፍቶ ነበር።

ደሴ ፒያሳ ሱቅ አለኝ። ሴት ነኝ፣ የምነዳውም እኔ ነኝ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም። ይሄን የምነግርህ ደላላው ቀኑን ሙሉ ስለ ሞተር የሚያስረዳው ለሱ ስለነበር ነው። ለኔ የነገረኝ ስለ ወንበሩ ቆዳ ብቻ ነው።

በቁጥር ልጻፍልህ።

1. የመኪናዋን እግር እይ። ኮፈኖ ማስከፈቱን፣ ጭስ ማየቱን ታውቀዋለህ፣ አልደግመውም። እኔም አይቻለሁ። ያላየሁት እግሯን ነው። በ2015 የገዛኋት ጀርመን (ስሟን አልጠራም፣ ከነገርኩህ ትገምታለህ) ሞላ የሚባል ነገር የላትም። በሞላው ቦታ አየር የሚነፋ የጎማ ከረጢት ነው ያላት። አስፋልት ላይ ወላሂ አልጋ ናት። አዲስ አበባ ስሞክራት ልጆቼ ከኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ደላላው «ዶክተር የያዛት ናት፣ ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት» አለኝ። እውነቱን ሊሆን ይችላል። የኔ መንገድ ግን ሆስፒታል አይደለም።

የባለቤቴ ቤተሰቦች ከኩታበር ማዶ ናቸው። ኮረኮንቹን ታውቀዋለህ። አራተኛው ጉዟችን ላይ መሰለኝ፣ ማታ ደህና ገባን። ጠዋት ወደ ግቢ ስወጣ መኪናዋ በፊት ቀኝ እግሯ እንደ ባቲ ገበያ ግመል በርከክ ብላለች። ጎማ የተነፈሰ መስሎኝ ነበር። ጎማው ደህና ነው። ትንሹ ልጄ «እማ፣ ደክሟት ነው» አለኝ። ሞተር ሳስነሳ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር ትንሽ አቃሰተና ዝም አለ። ለካ ከረጢቱ ቀስ እያለ ሲያፈስ ከርሟል። ኮምፕሬሰሩም ያንን ልሙላ ብሎ ያለ እረፍት ሲሠራ ተቃጥሏል። አንድ ቀዳዳ፣ ሁለት ዕቃ።

መካኒኬ ሐቀኛ ሰው ነው። ከስር ገብቶ ወጣ፣ እጁን በጨርቅ ጠራረገ፣ «እህቴ፣ ሞላ ቢሆን ዛሬ ማታ ትወስጃት ነበር» አለኝ። ዕቃው ደሴ የለም፣ እናንተም ጋ የለም። አዲስ አበባ የተገኘው ያገለገለ ነው። አዲሱን ከዱባይ አስመጣሁ፣ ሰባት ሳምንት ፈጀ። የወጣው ብር የሁለት ልጆቼ የዓመት ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ በባጃጅ ሄድኩ። የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሳይቀር፣ በዚያ ሁሉ ልብስ፣ ከባጃጅ ነው የወረድኩት።

ፕራዶም ቢሆን በስሙ ብቻ አትመነው። ሙሉ ኦፕሽን ከሚሏቸው ውስጥ ከኋላ የአየር ሞላ ያላቸው አሉ። ከኋላ ጎማው ጀርባ እይ። የተጠማዘዘ ብረት ካየህ ሞላ ነው። ጥቁር ከረጢት ካየህ ወይ ዋጋ አስቀንስ ወይ ተወው።

2. ሊብሬውን በጣትህ አንብብ። ይሄ ገና ሳትሰበር በፊት የሆነ ነው። ፋይሏን ከአዲስ አበባ ወደዚህ ላዛውር ሄድኩ። የሻንሲ ቁጥሯ ባለ 17 ምልክት ነው፣ ፊደልና አሃዝ የተደባለቀ። ሊብሬው ላይ አንድ ሰው ዜሮውን «ኦ» ብሎ ጽፎታል። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ «አይመሳሰልም» ብሎ ወረቀቱን ወረወረልኝ። ቤቴ ገብቼ ሳጣራ፣ ባለ 17ቱ የሻንሲ ቁጥር ውስጥ «ኦ» የሚባል ፊደል ጭራሽ የለም። «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብለው ቀርተዋል። በነጋታው ሄጄ ይሄንኑ ነገርኩት። «ልታስተምሪኝ ነው?» አለኝ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ።

ወደ አዲስ አበባ ተመለሽ ተባልኩ። 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ። መጀመሪያ ስሄድ የምትፈርመው የለችም። ሁለተኛ ስሄድ ሲስተም የለም። በሦስተኛው አንዲት ልጅ በአምስት ደቂቃ አስተካከለችው። አምስት ደቂቃ! ስለዚህ ብር ከመክፈልህ በፊት ሊብሬውን ብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር። እዳና እገዳ ማጣራቱ እንዳለ ሆኖ።

3. ሰባት ወንበር ማለት ሰባት ሰው ማለት አይደለም። ልጆቹን፣ እናትህንም ይዘህ ሂድና ሁሉንም አስቀምጣቸው። ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ የዕቃ ቦታው ያልቃል፣ አንድ ኬሻ ጤፍ የት እንደምታደርግ ያኔ ይገባሃል። እናትህ ሲወጡ መርገጫው ላይ ጉልበታቸውን እያቸው። የኔ አማት ጀርመኗን ወደዋት ነበር፣ ቆማ ስትጠብቃቸው ዝቅ ትላለች። በኋላማ ዝቅ ብላ ቀረች።

4. አማችህ አልተሳሳተም። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ የምታገኘው የነዳጅ መኪና አገር ውስጥ የሚዟዟረው ነው። ዋጋውን ደግሞ አይተኸዋል። ጎረቤቴ ባለ ሦስት ረድፉን የቮልስዋገን አይዲ 6 ይዟል። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ድምፁ እንኳን አይሰማም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ (አየር እየገፋ ሞተሩ ውስጥ የሚያስገባው ዕቃ) የሌለው የቤንዚን ሞተር እዚህ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፣ ኤሌክትሪክ ግን አየር አይፈልግም። ቁልቁለት ላይም ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ጎረቤቴ መጀመሪያ ማታ ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ሐረጎን ሲወርድ ያ መያዝ ጠፋበት። ባትሪው ሞልቷል፣ የት ይቀበል? ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ወደቀ። አሁን 80 ከመቶ ላይ ያቆማል። አንተ ከታች ስለምትነሳ ሞልተህ ትወጣለህ፣ ጎድሎ ትወርዳለህ፣ ላንተ እንዲያውም ይመችሃል።

ግን ገጠሩስ? ባትሪው ሆዷ ስር ነው። ድንጋይ ሆዷን ሲነካ የሚሰማህን አስበው። አዲስ አበባም ካልክ፣ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርደህ ጣርማ በርን ትወጣለህ። በአንድ ቻርጅ ይሄዳል ተብሎ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ኪሎ ሜትር ይሄን ዳገት አያውቀውም።

5. ቁጥሩን ተወው። እኔ አሁን የያዝኩት የናፍጣ ፕራዶ ነው፣ ባለ ተርቦ፣ አራቱም እግሩ ሞላ። ወንበሩ ጨርቅ ነው፣ ልጆቼ «እንደ ድሮዋ አይደለም» ይሉኛል። ባለፈው ክረምት ኩታበር ማዶ ጭቃ ውስጥ የቀረ ፒክአፕ ጎትቼ አውጥቻለሁ። ሹፌሩ ወርዶ ምስጋናውን ለባለቤቴ አቀረበ። ኮምቦልቻ ጎማ ላስቀይር ስወርድ አግኘኝ፣ ስሩን ገብተህ እይ፣ ራስህም ንዳው።

ጀርመኗን ሁሉን ነግሬ፣ ተጎድቼ ሸጥኳት። አሁን እናንተ ከተማ ናት አሉ፣ ገዢ እየተፈለገላት ነው። ጥቁር ሰማያዊ ናት፣ ከኋላ በሯ ላይ ጭረት አለባት። ደላላው «ነጋዴ ሴት የያዘቻት፣ ከቤት ሱቅ ብቻ» ካለህ፣ እኔ ነኝ።