«ምዬ እናገራለሁ» ላላችሁኝ ሁሉ፦ የማስታወስ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ማስታወስ አንድ ጊዜ ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም አልችለውም። እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት አልፎታል፣ ስልኬም እያለቀች ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያለሁ፣ አንዳንዶቹ ላይ ስድቡንም ቀንሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

የአእምሯችንን 10 በመቶ ብቻ ነው የምንጠቀመው ይባላል፣ እውነት ነው?

አይደለም። ቀጣይ።

12ኛ ክፍል ነኝ። አንዱን ገጽ አስር ጊዜ አነባለሁ፣ ግማሹን በቢጫ ቀለም አሰምርበታለሁ፣ ፈተና ላይ ስቀመጥ ግን ባዶ ነኝ። ደደብ ነኝ እንዴ?

ኧረ አይደለህም። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ምንም ትርጉም የሌላቸው ከ2000 በላይ ቁርጥራጭ ድምፆች አዘጋጅቶ፣ ብቻውን ቁጭ ብሎ እየሸመደደ፣ ስንቱ እንደሚጠፋበት በራሱ ላይ ለካ። ውጤቱን በ1885 አሳተመ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከልፋቱ ከግማሽ በላዩ ይበናል፣ ከወር በኋላ የሚተርፈው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ስለረሳህ አትደንግጥ። ችግሩ ደጋግሞ ማንበቡ ነው። ገጹን ስትለምደው ያወቅኸው ይመስልሃል። በ2006 ሮዲገርና ካርፒኬ የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ተማሪዎችን ከፋፍለው፣ ገሚሱን አንድ ጽሑፍ አራት ጊዜ አስነበቡ፣ ገሚሱን አንዴ አስነብበው ሦስት ጊዜ ከጭንቅላቱ አስጻፉ። ከሳምንት በኋላ ደጋግሞ ያነበበው 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውስ፣ የጻፈው 61 በመቶውን አስታወሰ። በራሱ የተማመነው ግን ያ ደጋግሞ ያነበበው ነበር። ይቺን ያዝልኝ፣ ወደ ታች እመለስባታለሁ።

የአብነት ተማሪ ይህን ለማወቅ 2006ን አልጠበቀም። ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ በሌለበት፣ ቃሉን ይቀበላል፣ በቃሉ ያወጣል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ በነጋታው ደግሞ ይደግማል። አንተም ቢጫውን እስክሪብቶ ለታናሽህ ስጠውና አንድ ገጽ አንብብ፣ ደብተሩን ክደን፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስከውን ጻፍ። ያናድድሃል። ግን እሱ ነው የሚሠራው።

እድር ላይ ሰው ሰላም ይለኛል፣ ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ሆኖ አይመጣም።

እኔም። ብራውንና ማክኒል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1966 እንዳሳዩት ቃሉ ራሱ ባይመጣም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ድምፁና ርዝመቱ ይመጣል። በ«ተ» የሚጀምር ነገር መሆኑን ታውቀዋለህ፣ ተስፋዬ ይሁን ተካልኝ ነው ችግሩ። እስኪመጣ «ወንድሜ» በለውና እለፍ።

ከሰበታ የጻፈች እህት፦ አባታችን ከማረፉ በፊት አልጋው ላይ ሆኖ «ሰርቪስ ቤቱ የሁላችሁም ነው» ብሎናል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ላንተ ነው» እንዳለው በመስቀል ይምላል። ሁለታችንም እዚያው ነበርን። ከተኳረፍን ዓመት አለፈን። አንዳችን እየዋሸን ነው አይደል?

የግድ አይደለም እህቴ። እኔን ያስቸገረኝም ይኸው ነው። አገሩ ሁሉ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» ያለን ሰው ወይ እውነተኛ ወይ ውሸታም አድርጎ ነው የሚያየው። ከልቡ እያመነ የተሳሳተ ሰው ቦታ የለውም።

የራሴን ልንገርሽ። ባለፈው ክረምት እዚህ አደባባዩ ላይ ሲኖትራክ ባጃጅ ገጨ። እኔ ዳቦ ይዤ ከማዶ ቆሜያለሁ። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ «ባጃጁ ነው የገባበት፣ ስልክ እያወራ» አለ። ትራፊኩ መጥቶ ሲጠይቀኝ እኔም በሙሉ አፌ ያንኑ ተናገርኩ። አየሁ አልኩ። ከሳምንት በኋላ የአንድ ሱቅ ካሜራ የቀዳው ታየ። ባጃጁ ቆሞ ነበር። ስልክ የሚባል ነገር የለም፣ ልጁ ለተሳፋሪ መልስ እየቆጠረ ነበር። ሄጄ ቃሌን አስተካከልኩ፣ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁት። ግን ይኸው እስከዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ስልኩ ጆሮው ላይ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ይህ የእኔ ጉድ ብቻ አይደለም። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። 50ዎቹን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ብለው፣ ሌሎች 50ዎችን ደግሞ «ሲጨፈላለቁ» ብለው ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲሏቸው፣ «ሲጋጩ» ከተባሉት 7፣ «ሲጨፈላለቁ» ከተባሉት 16 ሰዎች አይተናል አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንዲት ግሥ ናት ይህን ሁሉ ያመጣችው።

«የአባቴ መጨረሻ እኮ ነው፣ እንዴት ይረሳል?» ትይ ይሆናል። በ1986 ቻሌንጀር የምትባለው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰማይ ላይ ስትፈነዳ፣ ኡልሪክ ናይሰር የተባለ ተመራማሪ በነጋታው ተማሪዎችን ዜናውን የት ሆነው፣ ከማን እንደሰሙ አስጻፋቸው። ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ 44ቱን አግኝቶ እንደገና ጠየቃቸው። 11ዱ ከጻፉት አንዱንም ዋና ነገር በትክክል አላገኙም። ብዙዎቹ ግን እርግጠኛ ነበሩ። ያዝልኝ ያልኩት ይኸው ነው፣ መተማመንና ትክክል መሆን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ቀድሞ በ1932 የካምብሪጁ ፍሬድሪክ ባርትሌት ይህን ብሎታል። እንግሊዞችን የአሜሪካ ሕንዶች ተረት አስነብቦ ደጋግመው እንዲያወሩት ሲያደርግ፣ ተረቱ ቀስ በቀስ የእንግሊዝ ተረት ሆነ፣ ታንኳው ጀልባ፣ የባሕር አውሬ አደኑም ዓሣ ማጥመድ። ባስታወስን ቁጥር ካለን ነገር ላይ እንደገና እንሠራዋለን። አንቺ ደግሞ ዓመት ሙሉ ከእህቶችሽ ጋር፣ ወንድምሽ ከሚስቱ ጋር፣ እየመላለሳችሁ ስታወሩት ከረማችሁ።

ምን ይደረግ? ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት፣ ሳትነጋገሩ፣ ሁለታችሁም የምታስታውሱትን ለየብቻ ጻፉ። ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር፣ ማን የት ቆሞ ነበር፣ አባታችሁ ቀድሞ ስለምን እያወራ ነበር። ሌላ ሰው ከነበረ «ምን አለ?» ተብሎ ይጠየቅ፣ «ለእሱ ነው ያለው አይደል?» ተብሎ አይጠየቅ። ሽማግሌዎቻችን እዚህ ላይ ነው የሚያበላሹት፣ መልሱን ጥያቄው ውስጥ ከተው ይመጣሉ። የቤቱን ጉዳይ ጠበቃ ጋ ውሰዱት። በ1960 (በእኛ 1952) በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በቃል ኑዛዜ የሚሰጥ ስጦታ ከ500 ብር አይበልጥም፣ ስለዚህ ዓመት ሙሉ የተኳረፋችሁበት ቃል ቤቱን ላያስተላልፈው ይችላል። ወንድምሽን ግን «ዋሽተሃል» አትበይው።

ቅዳሜ አረቄ ጠጥቼ እንዴት ቤት እንደገባሁ አላውቅም። ጓደኞቼ ዘፍነሃል ይላሉ። ትዝታው ውስጤ ተደብቆ ይሆን?

አልተደበቀም፣ አልተቀዳም። ብዙ መጠጥ በአንዴ ሲገባ ሂፖካምፐስ የሚባለው የአእምሮ ክፍል አዲስ ነገር መያዝ ያቆማል። የዚህን ክፍል ሥራ ያስተማረን ሄንሪ ሞላይሰን ነው። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ የሚጥል በሽታው እንዲቀልለት ከሁለቱም በኩል ትልቅ ክፍሉን አወጡለት። ከዚያ በኋላ በ2008 እስኪሞት ያገኘውን አዲስ ሰው መያዝ አልቻለም። ብሬንዳ ሚልነር የምትባል ተመራማሪ መስታወት ውስጥ እያየ ኮከብ እንዲስል አደረገችው፣ በየቀኑ እጁ እየተሻለው ሄደ፣ እሱ ግን በየቀኑ «ይህን ሠርቼ አላውቅም» ባይ ነበር። እጅና ትዝታ የተለያየ ቤት አላቸው ማለት ነው። እግርህም መንገዱን ያወቀው ለዚያ ነው። ከተደጋገመ ሐኪም አነጋግር። ዘፈኑን ግን ጓደኞችህ ቀድተውት ይሆናል።

እናቴ 70 አልፏታል። ድስት ጥዳ ትረሳለች፣ ያንኑ ጥያቄ አራቴ ትጠይቃለች፣ የልጅነቷን ግን አንዲት ሳትስት ታወራለች። ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብሎካችን ጠፍቷት ስትዞር ጎረቤት አመጣት። ዘመድ «እርጅና ነው» ይላል።

ኮንዶሚኒየም ብሎክ ለእኔም ይጠፋኛል፣ ሁሉም አንድ ቀለም ነው። ግን ስንት ዓመት የኖረችበት ሲጠፋት ቀልድ የለም። የድሮው አለመጥፋቱም አያጽናናችሁ፣ ፈረንሳዊው ሪቦ ገና በ1881 ጽፎታል፣ መጀመሪያ የሚሄደው አዲሱ ነው፣ አሮጌው ይቆያል። አልዛይመር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የምትወስደው መድኃኒት፣ ወድቃ ጭንቅላቷን መትቷት ከሆነም እሱ፣ ሁሉም እንዲህ ያደርጋሉ፣ ብዙዎቹም ይታከማሉ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ የነርቭ ሐኪም ጋ ሪፈር አጽፊ፣ የመድኃኒቶቿን ካርቶን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ሐኪሙ ግን አይቅር። ከበዓል በኋላ አትበይ። እስከዚያው ምድጃው ጋ ብቻዋን አትተዋት።

የቀድሞ ፍቅረኛዬን እንዴት ልርሳት?

ቁጥሯን አጥፋ፣ ፎቶዋን ማታ ማታ መክለስ አቁም። ኤቢንግሃውስ በአንድ ወር አብዛኛው ይሄዳል ይላል፣ አንድ አምስተኛዋን ቻላት።