ከዊጉ በስተጀርባ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአሜሪካዊቷን የካንትሪ ዘፋኝ የዶሊ ፓርተንን ዘፈን አንድ ጊዜ ከከፈተ ቀኑን ሙሉ አይዘጋውም። እኔ ግን ያን ሁሉ ዊግ፣ የሚያብረቀርቅ ልብስና ረጅም ጥፍር ሳይ ዘፈኑ የልብሱ ማጀቢያ ይመስለኛል። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ እኔም ለዓመታት እንደ እርስዎ ነበር የማስበው። ያስለወጠኝ ያው ጥፍሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው «ናይን ቱ ፋይቭ» በተባለው ዘፈኗ ውስጥ የጽሕፈት መኪና የሚመስለውን ምት የምታወጣው ጥፍሮቿን እያፋተገች ነው!

ደግሞም ደራሲ ናት። በ«ጆሊን» ባሏን ልትነጥቃት የምትችለውን ሴት አትረግማትም፤ ፀጉሯን፣ ቆዳዋን፣ ዓይኗን እያደነቀች ትለምናታለች። በቅናት ላይ እንዲህ ያለ ዘፈን መጻፍ ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው የዊትኒ ሂውስተን አድርጎ የሚያውቀውን «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ»ንም የጻፈችው እርሷ ናት፤ አብሯት ይዘፍን ከነበረው ከፖርተር ዋገነር ስትለያይ። ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን የዘፈኑን የባለቤትነት መብት ግማሹን ጠየቀ። እምቢ አለች፤ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ዊትኒ በ1992 ስትዘፍነው መብቱ በዶሊ እጅ ነበር። (ይህችን ሴት በዊጓ ብቻ የገመታት ነጋዴ ሳይከስር አልቀረም።)

እስቲ የዶሊን የ1974ቱን ቅጂ ፎቶዋን ሳያዩ ያድምጡት። ወደ መጨረሻው ዜማውን ትታ፣ የስንብት ምኞቷን በተራ ንግግር፣ ዝግ ብላ ትናገራለች። እኔን የረታችኝ እዚያ ላይ ነው። ባለቤትዎን ግን ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያድርግ ይበሉልኝ።