ወንድምሽ የሚደብቅሽ ነገር ይኖር ይሆን?

እህቴ፣ «ወታደሩ ወንድሜ ሲደውል ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ብቻ ያወራል፤ ምን እየደበቀኝ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። በኢትዮ ኤርትራ ጦርነት ጊዜ ምሽግ ውስጥ ከርሜያለሁና ልመልስልሽ።

ይደብቅሽ ይሆናል። ግን የወታደር ቀን በአብዛኛው ምግብና እንቅልፍ ነው። ውጊያው የጥቂት ቀናት ነው፤ የቀረው መቆፈር፣ ውኃ በጀሪካን መሸከም፣ መሣሪያ መወልወል፣ ዘብ መቆም። ኮቾሮውን፣ ያን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ ሻይ ውስጥ ካልነከሩት ጥርስ ይፈትን ነበር! እኔ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንሁ፣ በዘብ ሰዓቴ በሐሳቤ የደንገል ታንኳ እሠራ ነበር። ደንገሉን አጭጄ፣ አድርቄ፣ ማሰር ስጀምር ተረኛው ይመጣል። አንድም ቀን ጨርሼ ጣና ላይ አላንሳፈፍሁትም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ጦርነቱን የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት ሲፈረም ማንም አልጨፈረም። አጠገቤ የነበረው ገበሬ «ለጤፍ ውቂያው እደርስ ይሆን?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ዛሬም፣ ተኩሱ ወደ ክልላችን ከመጣ ወዲህ፣ ሰላም ስመኝ የምመኘው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ ጦርነቱ አትጠይቂው። የሰፈር ወሬ፣ የማን ሠርግ እንደ ደረሰ ንገሪው። እኔ ደጋግሜ ያነበብሁት የእናቴ ደብዳቤ «የዘጌው ቡናችን አበበ» ከማለት ሌላ ብዙም አልነበረበትም።